ጎባጣው ጦር

ሰዓሊው የመብራት ምሰሶውን አቅፎ ሳመው። «ቀጥ ብሏል! ቀጥ ብሏል እኮ!» ሲል አላፊ አግዳሚው ሳቀበት።

በዓይኑ ውስጥ፣ ምስል ከሚቀበለው ከሬቲናው ሥር፣ ያለ ቦታቸው የበቀሉ የደም ሥሮች ቀጥ ያለውን ሁሉ ሲያጣምሙበት ከርመው ነበር። ሐኪሟ በሌዘር ተኩሳ ካደረቀቻቸው ወዲህ ግን የበር መቃን ባየ ቁጥር ጨፍር ጨፍር ይለዋል።

እየዘለለ ወደ ደብሩ ሄደ። በሕመሙ ወራት ግድግዳው ላይ የሳለውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቀና ብሎ ሲያይ ክው አለ። ያኔ ቀጥ ያለ እስኪመስለው ደጋግሞ ያረመው ጦር እንደ እባብ ተጥመልምሏል! ከት ብሎ ሳቀና ብሩሹን ይዞ መሰላል ወጣ።

«ውረድ!» አሉት የደብሩ አስተዳዳሪ እግሩን ጨምድደው። «እንዳትነካው!»

«አባቴ፣ ያጣመመው ዓይኔ ነው። አሁን ድኛለሁ፤ ላቃናው።»

«ምኑን ነው የምታቃናው? ‹የዘንዶው ክፋት ብረት ያጎብጣል፤ እምነት ግን ጎብጦም ይወጋል› ብዬ ሦስት እሑድ ሰብኬበታለሁ!» ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ድኛለሁ ስትል ሰው እንዳይሰማህ። የማዶው ደብር ልክ እንደዚህ አጉብጦ ይሳልልን ብሎ ልኳል።»