ለዓይን የተሠራ ሰሌዳ

የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቃ ካቻቢቴውን ታስቀምጣለች። በአባቷ አሮጌ የመገናኛ ሬዲዮ ግንባር ላይ አዲሱ ክብ የቁጥር ሰሌዳ ከነማዞሪያው ያብረቀርቃል። የድሮው ተሰንጥቆ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም ነበር። መስመሮቹን አንድ በአንድ ለክታ፣ ጥቁር በተቀባ ናስ ላይ ቀርጻ፣ ነጭ ቀለም ሞልታ፣ ቫርኒሽ ደራርባበታለች። ማኅተም ስትቀርጽ ለኖረች ሴት እንኳ ከእጇ የወጣ ምርጥ ሥራ ነው።

«በል አባዬ፣ ሞክረው።»

አባቷ ወንበሩን ይስባል። ዓይኑ ከጥላ በቀር አይለይም፤ ግን አብሮት መርከብ ላይ የሠራውን ወዳጁን በየምሽቱ የሚያገኘው ራሱ ነው፤ ማንም እንዲያዞርለት አይፈቅድም። ካልተገናኙ ወዳጁ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል።

የአውራ ጣቱን ጥፍር ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ከነማዞሪያው ያዞረዋል። ሬዲዮው ይንሿሿል። ያልፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል።

«እንዴት ነው?»

«እጅሽ ይባረክ። መስታወት በይው።»

«ሰውዬህስ?»

«አርፍዶ ይሆናል። መርከቧ እንኳ ስንቴ ጥላው ልትሄድ ነበር!»

ከጫጫታው መሀል የሰው ድምፅ ብቅ ብሎ ይጠፋል። አባቷ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ የለም።

«ላግኝልህ?»

«ተዪኝ አልኩሽ!» እስካሁን ግን እንዲህ አላላትም ነበር።

ጥፍሩን ታያለች። ይንሸራተታል። የተሰነጠቀውን ሰሌዳ አንስታ በራሷ ጥፍር ጠርዙን ትዳስሳለች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቀለሙ ድሮ ረግፎ መስመሮቹ ባዶ ቦይ ሆነዋል። እሷ ጉድለት መስሏት ነው አዲሱን በቀለም የሞላችው።

«ለምን አትነግረኝም?»

«እንዲያ የለፋሽበትን ምን ብዬ ላጣጥለው?»

«ታዲያ ለማን ነው ያሳመርኩት? ለግድግዳው?»

መቅረጫዋን ታነሳለች። አዲሱ ሰሌዳ ላይ ቫርኒሹን ሰንጥቃ ትገባለች፤ ነጭ ቅርፊት አባቷ ጉልበት ላይ ይረግፋል። አንዱ መስመር ጠርዙ ይገመጣል። ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

«ቀስ በይ እንጂ! ድንች ነው እንዴ የምትልጪው?»

«አሁን ያዘው።»

ቀጭ። ቀጭ። በጥፍሩ እየቆጠረ ያዞራል። ቀጭ፤ ይቆማል።

«አንተ ሽማግሌ!» ይላል ሬዲዮው። «ልዘጋው ስል! የት ገብተህ ነው?»

«መንገዱ ጥገና ላይ ነበር» ይላል አባቷ ማይክሮፎኑን አንስቶ። አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ነጭ ቀለም ገብቷል።