እማዬ የምታውቀው መንገድ

በሥራ ቦታው «ካርታው» ይሉታል። ዕቃ አድራሽ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሞተር ብስክሌት ነጂዎችን በየሰፈሩ የሚመራ እሱ ነው። ስልኩን ከእጁ ከነጠቁት ግን የገዛ ጸጉር አስተካካዩን ቤት አያገኝም። አንድ ቀን ስልኩን ቤት ረስቶ ወጣና፣ ሊያመጣው ሲመለስ መንገድ ጠፋው።

ዛሬ ግን መጥፋት የለም። የፍቅረኛውን አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊተዋወቅ እናቱን ይዞ መሄዱ ነው። ሰውዬው ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ደወል እንደተደወለ የትምህርት ቤቱን በር ሲያስቆልፉ የኖሩ። «ዘጠኝ ሰዓት ብያለሁ፤ ሰዓት የማያከብር ልጄን አያከብርም» ብለው ልከውበታል። ከእሱ በፊት የመጣ አንድ ፈላጊ አርፍዶ በሩ እንደተዘጋበት ፍቅረኛው ነግራዋለች። እየሳቀች ነበር የነገረችው፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ደግነቱ እናቱ ዛሬ ሰላም ናት። ዓመቱን ሙሉ «የጓደኛዬን ልጅ፣ የጥርስ ሐኪሟን፣ አንዴ ብቻ እያት» ስትለው ከርማ፣ ሰሞኑን ነገሩን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ በዚያ ሙቀት ሻሿን እስከ ጆሮዋ ጠቅልላ፣ እየመረቀችው መኪናው ውስጥ ገባች። ልጁም ደስ አለው።

ስልኩን መሪው አጠገብ መያዣው ላይ ሰካና መንዳት ጀመረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መንገድ የሚያሳየን ነው እማዬ። ከሰማይ በሳተላይት ያየናል።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አለች እናቱ። ነርስ ነበረች። «እኔ ክትባት ተሸክሜ በእግሬ ያልረገጥኩት ሰፈር አለ? ያኔ ሰው መንገዱን በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው። እናንተ ጭንቅላታችሁን ኪሳችሁ ከተታችሁት፤ ኪሳችሁ የተቀደደ ለት ምን ልትሆኑ ነው?»

«ይሄ ባይኖር እኮ ስንት በሽተኛ መድኃኒቱ ሳይደርሰው ይቀር ነበር። በየቀኑ የማየው ነው።»

«ይድረሰው፣ ማን ከለከለው። እኔ የሰጠኸኝንም ስልክ ከ‹ሃሎ› ሌላ አላውቅበትም፤ ምን ጎደለብኝ? በል አንተ ዓይንህን መንገዱ ላይ አድርግ፣ እሱን እኔ ልያዝልህ።»

ስልኩን ከመያዣው ነቅላ ጭኗ ላይ አደረገችው። ትንሽ እንደሄዱ ከስልኩ ውስጥ መንገድ የምትናገረው ሴትዮ ጸጥ አለች።

«ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጠቆረ።»

«እንዴ! ባትሪው ግማሽ ነበር እኮ። ቆይ ላቁምና ልየው።»

«አንተ እሱን ስትነካካ ዘጠኝ ሰዓት ይለፍብህ? ንዳ ዝም ብለህ። ሰፈሩን ነግረኸኝ የለ፤ እኔ አለሁልህ።» ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችው።

ከኋላው ያለው መኪና ጡሩንባውን አንባረቀበት። ምን አማራጭ አለው? ነዳ።

«ሁለት መቶ ሜትር እንደሄድክ ወደ ቀኝ» አለች እናቱ።

ታጠፈ።

«አደባባዩ ላይ ሁለተኛውን መውጫ ያዝ።»

ያዘ።

«ወደፊት መንገዱ ተጨናንቋል። በግራ እንዙር፤ እሱ ይሻላል።»

አንገቱን አስግጎ አየ። ምንም የለም። ታጥፎ ከፍ ካለው መንገድ ላይ ሲወጣ ግን፣ በተዉት መንገድ በኩል መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ ቆሟል። በእናቱ ተገረመ። የዱሮ ሰው ይሄ ነው፤ መጨናነቁ እንኳን ገና ከሩቁ ይሸተዋል። እሱ ቀኑን ሙሉ ማሳያ ላይ አፍጥጦ የማያገኘውን እሷ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታገኘዋለች። በራሱ አፈረ።

ቀስ በቀስ ግን ልቡ መጠርጠር ጀመረ።

«እማዬ፣ ቤታቸው ዳገት ላይ ነው ብላኝ ነበር እኮ።»

«ዳገቱ ይሄው አይደል» አለች ለጥ ያለውን ሜዳ እያየች።

ያኔ ነገሩ ገባው። እናቱ አርጅታለች። ድሮ የምታውቀው ሰፈር ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል፤ እሷ ያለችው ግን አሁንም እዚያ ድሮ ውስጥ ነው። ተሳስተሻል ቢላት እንዴት ትሆን ይሆን? አንጀቱን በላችው። በሌላ በኩል የተዘጋው በርና ከበሩ ወዲያ የቆመችው ፍቅረኛው በዓይኑ ይመጡበታል። ያቺን ልጅ ይወዳታል፤ ከእሷ ሌላ አይፈልግም።

በመጨረሻ ቆረጠ። ቢያረፍድም «ስልኬ አሳሳተኝ» ይላል እንጂ እናቱን ሰው ፊት አያሳፍርም። ስልክ እንደሆነ ቢሰደብ አይከፋው።

«እዚህ ጋ አቁም» አለች እናቱ አንድ አረንጓዴ በር ፊት ለፊት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንኳኳ አንተ። ካልሆነም እንጠይቃለን፤ ሰው አፍ አለው።»

ወርዶ አንኳኳ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በውስጡ እየጸለየ ከረባቱን አስተካከለ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ አይደሉም፤ አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ ናት።

«ሐኪሟ! ነይ ውጪ፣ እንግዶችሽ መጡ!» ብላ ወደ ቤት ተጣራች። ከዚያ እሱን አልፋ ሄዳ እናቱን አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

«አንቺ ጉደኛ! ከቤት ከወጣሽ ጀምሮ በስልኬ እያየሁሽ ነበር፤ የላክሁልሽን ካርታ በጆሮ ማዳመጫሽ እየሰማሽ አንዲት መታጠፊያ እንኳን ሳትስቺ መጣሽ!»