ለአማቴ ስነሳ

በገንዘብ መወራረድ ከተከለከለ ወዲህ የብስክሌት ውድድር ላይ የምናስይዘው የገዛ ጉልበታችንን ነው። ስልክህ ላይ ብስክሌተኛህን ትመርጣለህ። እሱ ወደ ኋላ ከቀረ የእግርህ ኃይል መሪውን ለመረጡት ሰዎች ይተላለፋል፤ እሱ ከመራ ደግሞ የእነሱ ወዳንተ ይመጣል።

ትናንት የኔው ክብሮም ዳገቱ ላይ ሲንፏቀቅ፣ እኔም ሶፋው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግቼ ነበር። ይሄኔ በሩ ተከፈተና አማቴ ወይዘሮ የሺመቤት ገቡ። ሊፍት የሌለውን ኮንዶሚኒየማችንን እስከ አራተኛ ፎቅ፣ ያውም ዶሮ ታቅፈው ወጥተው ትንፋሻቸው እንኳ አልተቆራረጠም።

"ተነስላቸው እንጂ!" አለችኝ ባለቤቴ ስንዱ ጥርሷን ነክሳ።

እግሬን ባዘው አልሰማ አለኝ።

"ተዪው ልጄ፣ ዘመኑ ነው" አሉ አማቴ። "ድሮ አማች ለአማቱ ይነሳ ነበር። የዛሬው እንደ ንጉሥ ተንጋሎ ያያታል።"

ካልተነሳሁ እንደማይቀመጡ ገባኝ። ፊቴ ተገትረው ቀሩ። እኔ ላቤ ይንቆረቆራል።

በመጨረሻ ክብሮም መድረሻው ጋ ሲቃረብ መሪውን ጣሊያናዊ ሽው ብሎ አለፈው። እግሬ ውስጥ እሳት ገባ። ከሶፋው ተፈናጥሬ ተነሳሁና፣ "ኖር፣ እማማ!" አልኩ።

አማቴ ግን በቁማቸው ተልፈስፍሰው እኔ የለቀቅሁት ቦታ ላይ ዘጭ አሉ። ዶሮዋ አመለጠች። ከነጠላቸው ውስጥ የወደቀው ስልክ ላይ የጣሊያናዊው ፎቶ ፈጠጠብን።

"በእግዜር" አሉ በደከመ ድምፅ። "ቁጭ በል ልጄ፤ የቆምክበት ጉልበት የኔ ነው።"