መነጽር የሚሸጠው ገጽ

ልብስ ሰፊዋ አፍንጫቸውን ከኮምፒውተሩ ስክሪን ሊያስነኩ ምንም አልቀራቸውም። ማውዙን እንደ ጋለ ካውያ ፈራ ተባ እያሉ ይነኩታል።

«የቱ ጋ ነው ‹ይግዙ› የሚለው፣ ልጄ?»

ገምጋሚዋ ከጎናቸው ተቀምጣ ምላሷን ነከሰች። የሥራዋ ሕግ ነው፤ ሰው የአንድን ድርጅት ድረ ገጽ ሲሞክር ገምጋሚ ያያል እንጂ አይጠቁምም። ቤቱ ተቀምጦ የሚገዛውን ሰው ማን ይጠቁመዋል? ሕጉ ደግ ሕግ ነው። ዛሬ ግን አንጀቷን እያሳረራት ነው።

ገጹ የመነጽር መሸጫ ነው። አዎ፣ የመነጽር። ጽሑፉ ከጸጉር የቀጠነ፣ ያውም በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ። ድርጅቱ ሱቆቹን በሙሉ ዘግቶ ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ገጽ ብቻ ሊሸጥ ነው፤ የቀረው እሷ «ይሠራል» ብላ መፈረሟ ነው። እስካሁን የሞከሩት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም መነጽራቸውን ግጥም አድርገው መጡ፣ እሰይ ብለው ሄዱ። መነጽር የሚገዛ ሰው መነጽር የሌለው ሰው እንደሆነ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ጉድ እኮ ነው።

ልብስ ሰፊዋን ፈልጋ ያመጣቻቸው እሷ ናት። መነጽራቸው ከተሰበረ ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷቸው፣ የሰው ልብስ ተቆርጦ ሳይሰፋ ተከምሮባቸዋል። አንዷ ደንበኛቸው ጨርቋን ይዛ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዳለች።

«አገኘሁት መሰለኝ» አሉና ተጫኑ።

የመረጡት መነጽር፣ ስንት ታግለው የሞሉት አድራሻ፣ ሁሉም ድራሹ ጠፋ። የተጫኑት ‹ይሰርዙ› የሚለውን ነበር፤ ከ‹ይግዙ› ጎን፣ በአንድ መልክና በአንድ መጠን የተቀመጠውን። ትንሽ ቀደም ብሎም ይኸው ነው የሆነባቸው።

እጃቸውን ከማውዙ ላይ አነሱ። «ይቅርታ ልጆቼ፣ አበላሸሁባችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አርጅቻለሁ።»

ገጹን የሠራው ዲዛይነር ከኋላቸው ቆሟል፤ ወፍራም መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። በደግነት ፈገግ አለ። «ግድ የለም እማማ፣ ቀስ እያሉ ይለምዱታል።» ከዚያ ወደ ገምጋሚዋ ጎንበስ ብሎ፣ «እሳቸውን ከሞካሪዎቹ አትቁጠሪያቸው» አላት።

ደሟ ፈላ። ከሁሉም ያንገበገባት ይቅርታውን መቀበሉ ነው። እዚች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ባበላሸው ራሱን የሚሰድብ ስንት ሰው አይታለች። ገጽ ሠሪ ይቅርታ ሲል ግን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

«መነጽርህን አውልቅ» አለችው።

«ምን?»

«አውልቅና ተቀመጥ። አንድ መነጽር ግዛ።»

ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ መነጽሩን አወለቀ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ለቀቁለት።

«እኔው የሠራሁትን?» እያለ ጀመረ። መነጽሩን መረጠ፣ አድራሻውን ሞላ፣ መጨረሻው ላይ ደርሶ ቆመ። ‹ይግዙ› በቀኝ ነው ወይስ በግራ? ሁልጊዜ እያነበበ ነበር የሚጫነው፤ በቃሉ ይዞት አያውቅም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፣ ደግሞ ጠጋ አለ፣ አፍንጫው ሊነካ ደረሰ።

«የቱ ጋ ነበር?» ብሎ ወደ ገምጋሚዋ ዞረ።

ሕግ ሕግ ነው። ገምጋሚ አይጠቁምም።

ተጫነ። ሁሉም ጠፋ።

«ይቅርታ» አለ፤ ከአፉ አምልጦት ነው፣ ማንን ይቅርታ እንደጠየቀም አላወቀም።

ልብስ ሰፊዋ ከልባቸው አዘኑለት። ከኋላው ቆመው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

«አይዞህ ልጄ» አሉት፣ «ቀስ እያልክ ትለምደዋለህ።»

ዲዛይነሩ መነጽሩን በእጁ እንደያዘ፣ ባዶውን ገጽ እያየ ቀረ።