የከሰል ፀጉር

ወይዘሮ ሸዋረገጥ በመንደራ ቆጪ ሰፈር በቁጣቸው ይታወቃሉ። ባጃጅ በራቸው ላይ ጥሩምባ ከነፋ ወጥተው ይሳደባሉ፤ አንድ ነገር ሊነግራቸው የሚሄድ ጎረቤት መጀመሪያ ቃሉን አላምጦ፣ መራራ መራራውን አስቀርቶ ነው የሚናገረው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚቆጡት ሰው እንኳ ስላልነበራቸው፣ ልጃቸው ፍቅር ከአዲስ አበባ ቡችላ ላከችላቸው።

ሃቫኒዝ የሚባል ዘር ነው፤ ቢያድግም ከድመት እምብዛም የማይበልጥ። ድፍን ጥቁር ነበር፤ ፀጉሩ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ። ፍቅር በስልክ፣ "እማዬ፣ የእነዚህ ውሾች ፀጉር ሲያድጉ..." ብላ ስትጀምር፣ "ውሻ ማሳደግ ከአንቺ ነው የምማረው?" ብለው ዘጉባት። ስሙን ከሰል አሉት።

ከሰል በገባ በሳምንቱ የቤት ጫማቸውን የግራ እግር አጠፋባቸው። ቢፈልጉ ቢፈልጉ አልተገኘም። ሰደቡት፣ ከዚያ አቅፈውት ተኙ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እንቅልፍ የወሰዳቸው ያን ጊዜ መሆኑን ለጎረቤታቸው ለዙሀራ ነግረዋታል። የቡ ከተማ ሆቴል ያለው ለይኩን፣ ለልጄ ካልሸጡልኝ ብሎ ቢመላለስ በስድብ ሸኙት።

ቡችላው ጥርሱን ሳይቀይር ወይዘሮ ሸዋረገጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ለሕክምና አዲስ አበባ ሲሄዱ ትልቁን ቤት ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ሄዱ። ከሰልን ግን ሰርቪስ ቤት ከልጆቻቸው ጋር ለሚኖሩት ተከራዮቻቸው፣ ለዘርሁንና ለሚስቱ ለልያ ሰጡ። ዘርሁን ከሆሳዕና የመጣ አናጢ ነው። ልያ ሄርማታ ሰፈር የውበት ሳሎን ውስጥ ትሠራለች፤ የወይዘሮ ሸዋረገጥን ሽበት የምታጠቁረውም እሷ ናት።

"እንዲሁ እንዳለ ነው የምረከበው" አሉ ጣታቸውን ቀስረው። "አንዲት ፀጉር ብትጎድል ወዮላችሁ።"

ሕክምናው ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። ሲመለሱ ከሰል ከበሩ ሮጦ እግራቸው ላይ ተጠመጠመ። አድጓል፤ ጥቁረቱ ግን እንዳለ ነው። ፀጉሩ ረዝሞ ተጠቅልሏል። ሲዳብሱት እንደ ድሮው አይለሰልስም፣ ደረቅ ደረቅ ብሏል። ስላደገ ነው ብለው ተዉት። ያን ቀን ማንንም አልተቆጡም። ልያ ብቻ ሻንጣቸውን አስገብታ ቶሎ ወደ ሰርቪስ ቤቷ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ዶፍ ወረደ። ከሰል ግቢው ውስጥ ሲቦርቅ ቆይቶ ገባና ነጩ አልጋ ልብስ ላይ ወጥቶ ተራገፈ። አልጋው በጥቁር ጠብታ ተዥጎረጎረ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ በፎጣ ቢያሹት ፎጣው ጠቆረ፤ ከጥቁሩ ሥር አመድማ ውሻ ብቅ አለ።

ጩኸታቸው ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ። ዘርሁን ከሥራ ሲመለስ ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር።

"ከሰልን ለማን ሸጥከው?"

ዘርሁን አልሸጥኩም አለ። ፀጉሩ በራሱ ነጣ፤ መጀመሪያ በዓይኑ ዙሪያ፣ ቀጥሎ እግሩ፣ በመጨረሻ ጀርባው። ውሻዎ ይኸው ነው አለ።

"ታዲያ ለምን ቀባኸው?"

"ስለፈራሁዎት፣ እትዬ።"

ይህ መልስ ከስድብ የባሰ አናደዳቸው። የአንድ ዓመት ውሻ ይሸብታል? ደግሞ ለይኩን ትዝ አላቸው። ዘርሁን ክረምቱን ሙሉ የቡ ሄዶ የዚያን ሰውዬ ሆቴል በርና መስኮት ሲሠራ ነው የከረመው፤ ከዚያ የተመለሰውም አዲስ የእንጨት መላጊያ ማሽን ይዞ ነው። ነገሩ ሁሉ ገጠመላቸው።

"ማል" አሉት። "በሚካኤል ማል።"

"እኛ በእምነታችን አንምልም፣ እትዬ። እውነቱን ነግሬዎታለሁ።"

ከቆሙት መሃል አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ንጹሕ ሰው መማል ምን ያስፈራዋል? ዙሀራ ብቻ ነገሩን ልታበርድ ሞከረች። "ሸዋዬ፣ የእኔና የአንቺስ ፀጉር ነጥቶ የለ? ዋላሂ፣ ማንም አልለወጠንም።" ወይዘሮ ሸዋረገጥ ከእሷም ጋር ተኳረፉ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደው ሊከሱ ሲነሱ፣ ከአዲስ አበባ ገዝተውት ከአልጋቸው ሥር ያስቀመጡት ጫማ አንድ እግሩ የለም። ውሻው አልበቃ ብሏቸው ቤቴም ይገቡ ጀመር ብለው የዘርሁንን ልጆች በስማቸው እየጠሩ ሌባ አሏቸው። ልያ ይሄኔ ወጣች።

"እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ። ልጆቼን ሌባ ካሉ ግን ከዚህ ግቢ አላድርም።"

ያኑ ዕለት ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጫኑ። ውሻው ጋቢና ውስጥ ባስገቡት ቁጥር እየዘለለ ወርዶ ወደ ትልቁ ቤት ደረጃ ይሮጣል። ወይዘሮ ሸዋረገጥ በመጥረጊያ መቱት። "ይህን ውሻችሁን ይዛችሁ ጥፉልኝ" አሉ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ የውሻው ልቅሶ ይሰማ ነበር። እሳቸው በሩን ዘግተው ገቡ።

ፍቅር በተደጋጋሚ ደወለች፤ ለሌባ ልትከራከር ነው ብለው አላነሱላትም። ለይኩን ቤት ድረስ ሄደው ከሰልን አምጣ አሉት፤ ሰውየው ግራ ተጋብቶ ግቢውንም ቤቱንም አሳያቸው። ይህንንም የተማከሩበት ነው ብለው ተራግመው ተመለሱ። እንቅልፍ እንደገና እምቢ አላቸው።

ከወር በኋላ የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ያፈስ ጀመር። አዲሱ ተከራይ ፈየራ ሊጠግንላቸው ገብቶ፣ ባላቸው ካስቀመጡት ወዲህ ማንም ነቅንቆት የማያውቀውን ከባዱን ቁምሳጥን ከግድግዳው ገፋ አደረገው።

ከቁምሳጥኑ ሥር ድር ያደራበት የቤት ጫማ የግራ እግር ተጋድሟል፤ እላዩ ላይ የአዲስ አበባው ጫማ የግራ እግር።