የመጀመሪያዋን አበባ ያየ

«ዝም በይ እስቲ! ሰማሽው?» ይላሉ አባቷ ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ ከዘራቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

እሷ የምትሰማው የራሷን ትንፋሽ ብቻ ነው። ቆየት ብሎ ግን ከደረቀው ዛፍ አናት ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይመጣል።

«ግንደ ቆርቁር ነው። ጎጆውን እየፈለፈለ ነው፤ ብርዱ ሊለቀን ነው ማለት ነው።»

በጆሮ ነገር የሚደርስባቸው የለም። ጣጣው ዓይናቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ይህን ደን ጠብቀው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከዛፎቹ መሀል ካለችው ቤታቸው ንቅንቅ አልልም ብለዋል። ባለፈው ወር የጋለውን ምድጃ ሳያዩት እጃቸውን አሳረሩ። ትናንት ልጃቸው ልትወስዳቸው ብትመጣ «ዓይኔ ደህና ነው፣ የሰው ወሬ አትስሚ» ብለው ድርቅ አሉባት። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ተወራረዱ። የዘንድሮን የመጀመሪያ አበባ ቀድመው ካዩ እዚሁ ይኖራሉ፤ እሷ ከቀደመች ጓዛቸውን ጠቅልለው እሷ ዘንድ ይገባሉ።

ማሸነፍ ትፈልግ መሸነፍ ለራሷም አልገባትም። ቅድም አንዲት ጥንቸል በአፍንጫቸው ስር መንገዱን አቋርጣ ስታልፍ አባቷ ዞር እንኳ አላሉም።

«ይኸውልሽ!» ይላሉ ድንገት፣ ከመንገዱ ወጥተው አንድ ዛፍ ስር በከዘራቸው እየጠቆሙ። «ቢጫዋ! ቀደምኩሽ!»

የጀሪካን ክዳን ነው።

አዎ ልትል አፏን ትከፍታለች። አንዲት ቃል ናት፤ ምን ይጎዳታል? ከዚያ ጫማቸውን ታያለች። አባቷ የቆሙት ገና በፈኩ ትንንሽ ነጭ አበቦች መሀል ነው። ልጅ ሳለች አንዲት እንቡጥ ስለረገጠች ቀኑን ሙሉ ያኮረፏት ሰውዬ።

«ምነው ዝም አልሽ? መካድ የለም እንግዲህ!» እየሳቁ አንድ እርምጃ ይጨምራሉ።

«አባባ፣ ይቁሙ! እግርዎን አያንቀሳቅሱ።»

ሳቃቸው ይቆማል። እሷ ትንበረከክና ቁርጭምጭሚታቸውን ይዛ እግራቸውን ቀስ አድርጋ ታነሳለች። እንዳይወድቁ እጃቸውን አናቷ ላይ ያሳርፋሉ።

«አበባ ላይ ነኝ?»

«አዎ።»

«ብዙ ነው?»

አንድ ሁለት ብትላቸው ደስ ባላት ነበር። «ብዙ ነው፣ አባባ።»

እግራቸው አሁንም እጇ ውስጥ ነው፤ ከምትገምተው በላይ ቀሏታል።

«እንግዲያው» ይላሉ በመጨረሻ፣ «የት ልርገጥ? አንቺ ንገሪኝ።»