የታንክ ድምፅ

ካድሬው ጓድ ቢሻው ለአብዮት በዓሉ መዝሙር ከቤዝ ጊታሩ «የኮሶዬን ዳገት የሚወጣ የታንክ ድምፅ» ካልሰማሁ የኪነት ቡድኑን እበትናለሁ ብለዋል። ቤዝ ተጫዋቹ በድሩ ሁለት ፔዳሎች እግሩ ሥር አስቀምጦ ላብ በላብ ሆኗል። አንደኛዋ ድምፅ ታጎላለች፤ ሁለተኛዋ ታሻክራለች። ማጉያዋን ሲረግጣት ጓድ ቢሻው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ይቺ ታንክ ናት? ላም ናት እንጂ!»

በድሩ በሆዱ «ቢስሚላህ» ብሎ ማሻከሪያዋን ረገጠና ወፍራሙን ክር ቀስ አድርጎ ነካው። አዳራሹ ነዘረ። የወጣው ግን ታንክ አልነበረም፤ በገና ነበር፣ ቁርጥ የሁዳዴ በገና። በገናን ደግሞ «አድኃሪ ነው» ብለው ያገዱት ራሳቸው ጓድ ቢሻው ናቸው። አለቀልኝ ብሎ ቀና ሲል፣ ካድሬው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀኝ እጃቸው ወደ ግንባራቸው ወጣ፣ ወደ ደረታቸው ወረደ፣ ወደ ግራ ትከሻቸው ሄደ፤ እዚያ ላይ ባነኑ። እጁ መሄጃ ሲያጣ ትከሻቸውን አከኩበት። ወዲያው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ ሰነዘሩ።

«አብዮታዊ ድምፅ ነው!» አሉ፤ የራሳቸውም ድምፅ ሻክሮ ነበር። «ጸድቋል!»

«እርስዎም ይጽደቁ፣ ጓድ» አለች ዘፋኟ ብርቄ ከኋላ።